ስድስቱን ስፒከሮች በፍትሐዊነት ላከፋፈሉልን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የንጋት ጮራ የሕዝብ መዝናኛ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ፍኖተ ሰላም

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ እና አንድ ስፒከር ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ጸሐፊዎ፣ እንዲሁም ከጠረጴዛዎ ሥር የተቀመጠው ትልቁ ስፒከር እንደምን እንደ ሰነበታችሁ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጤፉ ለአጨዳ በደረሰበት በዚህ የኅዳር ወር ፈጣሪ ሙሉ ጤና እንዲሰጥዎ ምኞቴ ነው። ስለ ጆሮዎ ጤና ግን ለብቻው አጥብቄ እመኛለሁ፤ ሁለት ደህና ጆሮ ያለው ሰው በዚህች ከተማ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለምና።

በሥራ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ ራሴን ላስታውስ። ቻላቸው እባላለሁ። በማዕከሉ አዳራሽ ዘወትር ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ የድሮ ሬጌ የማስደምጠው፣ ባለ ግራጫ ባርኔጣው ጡረተኛ እኔ ነኝ። ሁልጊዜ በግራዬ የሚቀመጠው ረጅሙ ሰውዬ ደግሞ ቢሆነኝ ይባላል። ሁለታችን ጅጋ ላይ በአንድ ወፍጮ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተናል። እኔ ዱቄት ተቀባይ ስለነበርሁ ሞተሩ በግራዬ ነበር፤ እሱ እህል ጨማሪ ስለነበር ሞተሩ በቀኙ ነበር። ሞተሩም ልክ እንደ እርስዎ ፍትሐዊ ስለነበር ከሁለታችን እኩል ወሰደ፦ ከእኔ ግራ ጆሮዬን፣ ከእሱ ቀኝ ጆሮውን።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እኔና ቢሆነኝ ተደምረን የአንድ ሰው ጆሮ ይዘን ጡረታ ወጣን። ለስቴሪዮ ይህ ይበቃል። ስቴሪዮ ማለት ዘፈኑን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ከግራ፣ ግማሹን ከቀኝ የሚያሰማ አሠራር ስለሆነ፣ እሱ በግራ እኔ በቀኝ ስንቀመጥ የግራው ለእሱ፣ የቀኙ ለእኔ ይደርሳል። ችግሩ፣ በመካከላችን የቀሩት ሁለቱ የሞቱ ጆሮዎች ስለሆኑ እርስ በርስ አንሰማማም። ለዚህም መላ አበጅተናል። በእሱ በኩል ጊታሩ ሲመጣ ጉልበቴን መታ መታ ያደርገዋል፤ በእኔ በኩል ኦርጋኑ ሲገባ እኔም የእሱን ጉልበት መታ አደርጋለሁ። በዚህ ዓይነት ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ዘፈን ሳያመልጠን ኖረናል።

ሬጌን ያስተዋወቀን ከቡሬ በቆሎ ጭኖ ሲያልፍ ጅጋ ላይ መኪናው የተበላሸበት አንድ ሾፌር ነው። ሁለት ቀን አብሮን ሰንብቶ ሲሄድ ካሴቱን ትቶልን ሄደ። እኛም በወፍጮ ቤቱ ባለቤት ትልቅ ቴፕ ከሞተሩ ጎን እናጫውተው ጀመር። ሞተሩ ዘፋኙን ይውጠዋል፣ ጊታሩን ይውጠዋል፣ ኦርጋኑን ይውጠዋል፤ ባሱን ግን መዋጥ አቃተው። እህል ሊያስፈጩ ተራ የሚጠብቁ እናቶች ሳይታወቃቸው አንገታቸውን ከባሱ ጋር ይወዘውዙ ነበር። ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ የወፍጮው ድንጋይ ሊወቀር ሞተሩ ጠፋ፤ ያን ዕለት ነው ካሴቱ ውስጥ ዘፋኝ እንዳለበት ያወቅነው። ቢሆነኝ ደንግጦ ሰው የገባ መስሎት ወደ በሩ ዞረ።

ይህን ታሪክ ያለ ምክንያት አላነሣሁትም፤ በኋላ እርስዎን ለመከላከል ይጠቅመኛል።

አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሁለቱ የእንጨት ሳጥኖች የተሠሩት ከዚያ ካሴት ፍቅር የተነሣ ነው። ቡሬ ያለው አናጢ መልካሙ ከደረቀ ዋንዛ አንድ ወር ፈጅቶ ሠራቸው፤ እኛም ጡረታ ስንወጣ ለማዕከሉ በስጦታ አበረከትናቸው። በደረሰኙ ላይ የእርስዎ ፊርማ አለበት። በጣም የሚያምር ፊርማ ነው።

ባለፈው መስከረም ደግሞ አንድ የከተማችን ተወላጅ በጎ አድራጊ፣ አምስት ትንንሽና አንድ ትልቅ ስፒከር ያለው አዲስ መሣሪያ ለማዕከሉ መላኩ ይታወሳል፤ ሪባኑን የቆረጡትም እርስዎ ነዎት። ሰዉ ሰራውንድ ይለዋል። አድማጩ መሐል ይቀመጣል፤ ከትንንሾቹ ሦስቱ ከፊቱ፣ ሁለቱ ከኋላው ይሆናሉ፤ ትልቁ መሬት ላይ ተቀምጦ ወፍራሙን የባስ ድምፅ ብቻ ያወጣል። አብሮት በመጣው ፍላሽ ውስጥ እኛ በስቴሪዮ የምናውቃቸው የድሮ ሬጌዎች ለስድስቱ ስፒከር እንደገና ተከፋፍለው ተቀምጠዋል፦ ዘፋኙ ከፊት መሐል፣ ጊታሩ ከፊት ግራ፣ ኦርጋኑና ከበሮው ከፊት ቀኝ፣ ተቀባዮቹ ከኋላ፣ ባሱ ከትልቁ።

ሦስት ቅዳሜ ሙሉ አንዱን ዘፈን ሁለት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ከእንጨት ሳጥኖቹ በስቴሪዮ፣ አንዴ ከአዲሱ በሰራውንድ እያስደመጥን ሕዝቡ እንዲፈርድ አደረግን። እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ፍኖተ ሰላም አይታ አታውቅም። ከገበያ ሲመለሱ በቅሏቸውን ደጅ አስረው የሚገቡት አቶ አስናቀው፣ ተቀባዮቹ ድንገት ከኋላቸው ሲነሡ ዘወር ብለው «ኑ ግቡ እንጅ! ምን ከደጅ ቁማችሁ ታንጎራጉራላችሁ?» ብለው ወንበር ሳቡላቸው። የኮሌጅ ተማሪዋ ሀኒ የሰራውንድ ወገን ስትሆን «የዚህኛው ቫይብ ሌላ ነው፣ ዘፈኑ ውስጥ ነው የምትገባው» እያለች ትሟገተኝ ነበር። እኔ ደግሞ እነዚያ ሰዎች ያን ዘፈን የተጫወቱት በአንዲት ጠባብ ክፍል ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ነውና፣ በአራቱም ማዕዘን ሲበተኑ አብረው የነበሩበት ሙቀት ይጎድላል ባይ ነኝ። ሆኖም እውነቱን ልናገርና፣ ዘፋኙን እንደ ሰራውንዱ ጥርት አድርጎ ያሰማኝ የለም፤ በስቴሪዮ ሃያ ዓመት ሙሉ የሳል ድምፅ የመሰለኝ ነገር ሳቅ መሆኑን ያወቅሁት በመስከረም ነው። በመጨረሻው ቅዳሜ ሃያ ሦስት ሰው ለስቴሪዮ፣ ሃያ ሁለት ሰው ለሰራውንድ እጁን አወጣ። አቶ አስናቀው ለሁለቱም አወጡ።

በእነዚያ ሦስት ቅዳሜዎች ቢሆነኝ ቦታውን ለቅቆ ከትልቁ ስፒከር አጠገብ ይቀመጥ፣ መዳፉንም ጀርባው ላይ ያሳርፍ ነበር። ደክሞት የተደገፈ መስሎኝ ነበር። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ከዚህ በመቀጠል፣ ክቡር ሆይ፣ ለዋሉልን ውለታ ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ ለማቅረብ እንዲፈቀድልኝ እለምናለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ፍትሐዊ ክፍፍሉ አመሰግናለሁ። ስድስት ስፒከር በአንድ አዳራሽ መከማቸቱ እንቅልፍ ነሥቶዎት የማኔጅመንት ኮሚቴውን ሰብስበው «ሀብት በአንድ የሥራ ክፍል ሊታቀፍ አይገባም» የሚለውን ታሪካዊ ውሳኔ በቃለ ጉባኤ አስፍረዋል። በውሳኔው መሠረትም ማጫወቻው አዳራሽ ቀርቶ በሥራ ቀናት ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ እንዲውል ተደርጎ፣ ሽቦው በጣራ ሥር ተዘርግቶ፣ ስድስቱ ስፒከሮች ለስድስት ክፍሎች በፊርማ ተሰጥተዋል። ትልቁ ለትልቁ ቢሮ፣ ማለትም ለእርስዎ። የዘፋኙ ለጥበቃ ቤቱ። የጊታሩ ለቤተ መጻሕፍቱ። ከኋላዎቹ አንዱ ለሻይ ክበቡ፣ ሌላው ለንብረት ክፍሉ። የኦርጋኑና የከበሮው ደግሞ ባለበት ለአዳራሹ። ማንም ክፍል ቅር እንዳይለው የተደረገው ጥንቃቄ በእውነት ያስደንቃል። አንድ በሬ ለስድስት ቤት ሲከፋፈል እንኳ ለእያንዳንዱ ከሁሉም ብልት ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል፤ እርስዎ ግን አንዱን ቀንድ፣ አንዱን ሻኛ፣ አንዱን ጅራት ብቻ ሰጥተው ሁሉንም እኩል ለማድረግ ችለዋል።

፪ኛ፦ ከክፍፍሉ በኋላ በማዕከሉ ውስጥ ስለተፈጠረው አዲስ ሕይወት አመሰግናለሁ። የጥበቃው አቶ ገነነ ቀኑን ሙሉ የሚሰሙት ያለ ከበሮ፣ ያለ ጊታር ለብቻው የሚጣራ አንድ ወንድ ነው። ቋንቋውን ባያውቁትም ሰውየው ደጋግሞ «ጽዮን» ሲል ስለሚሰሙ፣ መንፈሳዊ ነገር ነው ብለው በተነሣ ቁጥር ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ የሚገባውንም ሰው ያስወልቃሉ። እኔም ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ አውልቄ ገብቻለሁ፤ «ጎሽ፣ እንደዚህ ነው እንጅ ያባት ልጅ» ብለው መርቀውኛል። የቤተ መጻሕፍቷ መታሰቢያ ከጊታሩ «ጭቅ… ጭቅ» የሚለውን ብቻ ስለምትሰማ፣ ጸሐፊዎ ከግድግዳው ወዲያ ቀኑን ሙሉ ወረቀት በስቴፕለር የምትመታ መስሏት «የዚህ ቢሮ ሥራ ትጋቱ!» ስትል ሰነበተች። የሻይ ክበቧ ወይዘሮ ሀብትነሽ ዘንድ የደረሱት ተቀባዮቹ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም «አውራጅ የላቸውም፣ ምን ብሏቸው እንደሚመልሱ እግዜር ይወቅ፣ ብቻ የታዘዙትን ይቀበላሉ» ብለው አዘኑላቸው፤ አክለውም የማኔጅመንት ኮሚቴውን ስብሰባ አስታወሱኝ አሉ። ይህን ያሉት እሳቸው ናቸው፣ እኔ አይደለሁም። ለንብረት ክፍሉ የተሰጠው ስፒከር ግን የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ባሕር ዳር ለሥልጠና ሄዶ ቁልፉን ይዞት ስለ ቀረ፣ በተቆለፈ ቤት ለአሮጌ ወንበሮች እየዘፈነ ይገኛል። ወንበሮቹ ቅሬታ አላቀረቡም።

፫ኛ፦ ኅዳር ሦስት ቀን ስለጻፉልኝ ደብዳቤ አመሰግናለሁ። በዚያ ደብዳቤ፣ ለሁለት ሳምንት በቢሮዎ ተቀምጠው ሬጌ የተባለውን ሙዚቃ በጥሞና እንደመረመሩት፣ በምርመራውም «መስኮት የሚያንቀጠቅጥ፣ የሻይ ብርጭቆ ከጠረጴዛ የሚያወርድ፣ ለወጣቱ የሚያስተላልፈው አንዳችም መልእክት የሌለው ጉምጉምታ» ሆኖ እንዳገኙት፣ ስለዚህም የቅዳሜው ማዳመጥ እንዲቆም መወሰኑን ገልጸውልኛል። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ሲስቅብዎ እኔ ብቻ ተከራክሬልዎታለሁ። ከላይ እንደ ተረኩት እኔም ጅጋ ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባሱን ብቻ ሰምቻለሁ፤ ዘፋኝ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ልዩነታችን፣ እኔ ዘፋኙን እስክሰማው ድረስ መልእክት የለውም ብዬ ደብዳቤ አለመጻፌ ነው። ለነገሩ የወፍጮ ሠራተኛ ማኅተም የለውም። መልእክቱን ግን ከፈለጉት ሩቅ አልሄደም፤ ከቢሮዎ አርባ እርምጃ ርቆ ጥበቃ ቤት ውስጥ ባርኔጣ እያስወለቀ ነው።

፬ኛ፦ በዚያው ደብዳቤ ሁለቱ የእንጨት ሳጥኖች «ጊዜ ያለፈባቸውና ቁጥራቸውም ከአዲሶቹ ያነሰ» በመሆናቸው እስከ ኅዳር ሃያ ከአዳራሹ ወጥተው እንዲወገዱ ማዘዝዎን ተረድቻለሁ። ስድስት ከሁለት እንደሚበልጥ ስላረጋገጡልን

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ አቋርጣለሁ። ምስጋናዬን በቁጥር እየደረደርሁ እዚህ ደርሼ ነበር፤ ቀጣዩ ነገር ግን በቁጥር አልገባ አለኝ። ቀልዱንም ለጥቂት መስመር ልተወው።

ክፍፍሉ በተፈጸመ በመጀመሪያው ቅዳሜ አዲሱን መሣሪያ ስንከፍተው ኦርጋንና ከበሮ ብቻ ስለ ወጣ፣ በሁለተኛው ቅዳሜ ወደ እንጨት ሳጥኖቻችን ተመለስን። ቢሆነኝ በግራ፣ እኔ በቀኝ እንደ ልማዳችን ተቀመጥን። ዘፈኑ ተጀመረ፤ እሱ ጊታሩ በመጣ ቁጥር ጉልበቴን መታ መታ ያደርገዋል፣ እኔም ኦርጋኑን እመልስለታለሁ። ሦስት ዘፈን እንደ ተሰማ ሀኒ ቀስ ብላ መጥታ በደህናው ጆሮዬ በኩል ጎንበስ አለችና «ጋሼ፣ የግራው ሳጥን እኮ ከመጀመሪያው ጀምሮ አይሠራም፤ ሽቦው ተነቅሏል፣ ጠራጊዋ መጥረጊያው ነክቶባት ነው መሰለኝ» አለችኝ።

እኔ በግራ ስለማልሰማ አላወቅሁም። ቢሆነኝ ግን በግራ የሚሰማው እሱ ነው። ከግራው ሳጥን አንዲት ድምፅ ሳትወጣ ጊታሩን፣ በየቦታው፣ አንዲት ሳያዛንፍ ጉልበቴ ላይ ሲመታልኝ ነበር።

ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ዘፈኑ ሲያልቅ በግራ ጆሮው በኩል ዞሬ ጮኬ ጠየቅሁት፤ ፈገግ ብቻ አለልኝ። ወረቀት ላይ ጻፍሁለት። አነበበውና ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስም «እኔማ ካልሰማሁ ሰነበትሁ፤ ግራው ባዶ ሁኖ ብቻህን እንዳትሰማ ብየ ነው እንጅ» አለኝ።

ከክረምቱ ጀምሮ መሆኑን ነገረኝ። ሐኪም ቤት ሄዶ ኖሯል፤ የቀረው ጆሮም መንገዱን እንደጨረሰ ነግረውታል፤ እሱ ግን ለእኔ መንገር ከብዶት፣ እኔ ጉልበቱ ላይ የምመታለትን ኦርጋን እየተከተለ ዘፈኖቹን በቃሉ ይመታልኝ ኖሯል። እኔ የአንድ ጆሮ ባለቤት ስለሆንሁ ብዙ ነገር አምልጦኛል፤ ይህን ያህል ያመለጠኝ ነገር ግን የለም። አፈርሁ፣ ተናደድሁበት፣ ደግሞም ወደድሁት።

ታዲያ ምን ቀርቶህ ትመጣለህ ብዬ ጻፍሁለት። ተነሥቶ እጄን ይዞ ወደ ቀኙ ሳጥን ወሰደኝና መዳፌን ዋንዛው ላይ አሳረፈው። ባሱ በእንጨቱ ውስጥ ገብቶ፣ በክንድ ወጥቶ፣ ደረት ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። ስድስት ዓመት ከእነዚያ ሳጥኖች ጋር ስኖር አንድ ቀን ነክቻቸው አላውቅም ነበር። ከትልቁ አዲስ ስፒከር ደግሞ ከዚህ ሦስት እጥፍ እንደሚመጣ፣ ወለሉም ሳይቀር በእግሩ ሥር እንደሚዘፍንለት ነገረኝ። በመስከረም ደክሞት የተደገፈ የመሰለኝ ለካ እያዳመጠ ነበር። ከሁላችን ይልቅ ሰራውንዱን የወደደው እሱ ኖሯል፤ እጁን ግን አላወጣም፣ አንዱ እጁ ሥራ ላይ ነበር።

ይህን ሁሉ በአደባባይ መጻፌ ነውር እንዳይሆንብኝ አስቀድሜ ጠይቄዋለሁ። «ጣፈው፣ ጆሮየ የመንግሥት ምስጢር አይደል» ብሎ ፈቅዶልኛል።

አሁን ወደ አክብሮቴ ልመለስ።

ክቡር ሆይ፣ በከተማችን ውስጥ ያን ጉምጉምታ የሚጠላ አንድ ሰው አለ፤ ስፒከሩም ያለው ከእሱ ጠረጴዛ ሥር ነው። በከተማችን ውስጥ ከጉምጉምታው በቀር ሌላ ምንም ያልቀረለት አንድ ሰው አለ፤ እሱ ደግሞ ባዶ እጁን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ኮሪደርና አምስት ደረጃ ነው። ስፒከሩን ለመሸከም ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ እኔ ነኝ። እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው፦ ትልቁ ስፒከር ወደ አዳራሹ ይመለስ፤ ሁለቱ የዋንዛ ሳጥኖችም ባሉበት ይቆዩ፤ የቅዳሜው ማዳመጥም አይቋረጥ። ቢሆነኝ ግራ መዳፉን በዋንዛው፣ ቀኝ መዳፉን በትልቁ ላይ አድርጎ እንዲቀመጥ ቦታ ለክተናል። ስቴሪዮና ሰራውንድን በአንድ ጊዜ በሁለት እጁ የሚያወዳድር የመጀመሪያው ሰው ይሆናል፤ ሀኒም ፍርዱን እንደ መጨረሻ ፍርድ ለመቀበል ቃል ገብታለች፣ የሚያሸንፍላት ስለመሰላት ነው።

የተቀሩትን አምስቱን ስፒከሮች በተመለከተ ግን እርስዎን ማስቸገር አልፈልግም። አቶ ገነነ ከዘፋኙ ጋር ተላምደዋል፤ ያለ እሱ በሩን የሚያከብርላቸው የለም። ወይዘሮ ሀብትነሽም ተቀባዮቹን ማሳደግ ጀምረዋል። የንብረት ክፍሉም ወንበሮች ቢሆኑ የራሳቸው ጣዕም አላቸው።

ትልቁን ስፒከር ሲለቁ ቢሮዎ ጸጥ ማለቱ ያሳስበኛል። ጸጥታው ከከበደዎት ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ የአዳራሹ በር ክፍት ነው፤ ባርኔጣ ካለዎት ግን አቶ ገነነ ዘንድ ማውለቅዎን አይርሱ። እስካሁን ይህን ጉዳይ ሦስት ጊዜ በቃል፣ አንድ ጊዜ በማመልከቻ አቅርቤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውኛል። ቅር አላለኝም። ሁለት ደህና ጆሮ ይዞ አለመስማት እኔና ቢሆነኝ ሃያ ስድስት ዓመት ከሞተር ጋር ታግለን ያላገኘነው ችሎታ ነውና፣ በዚህም በኩል ከልብ አደንቅዎታለሁ።

ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ መስኮትዎን አያንቀጥቅጥ፤ ብርጭቆዎን ከጠረጴዛ አያውርድ። ቀኝ ጆሮዬን ወደ እርስዎ አዙሬ፣ መልስዎን በትዕግሥት እየጠበቅሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ የምነሣው፣

ታዛዥዎ ቻላቸው
የቀድሞ ዱቄት ተቀባይ፣ የአሁን የቀኝ በኩል አድማጭ

(የግራ በኩል አድማጭ ቢሆነኝም ደብዳቤውን አንብቦ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መታ በማድረግ ተስማምቷል።)

ግልባጭ፦
ለጥበቃ ቤት፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለሻይ ክበብ፣ ለአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ እንዲሁም በበሩ ሥር ገፍተን ላስገባንላቸው ለንብረት ክፍሉ ወንበሮች

ድኅረ ጽሑፍ፦ የማዕከሉን አሠራር ለማክበር ስል ይህን ደብዳቤ እኔም በፍትሐዊነት አከፋፍዬዋለሁ። አንደኛውን ቁጥር ለጥበቃ ቤት፣ ሁለተኛውን ለሻይ ክበብ፣ ሦስተኛውን ለቤተ መጻሕፍት፣ አራተኛውን ተቋርጦ እንደ ቀረ ለንብረት ክፍል ሰጥቻለሁ። ለእርስዎ ቢሮ፣ በክብርዎ መጠን፣ የመክፈቻው ሰላምታና የመዝጊያው ምርቃት ከዚህ ድኅረ ጽሑፍ ጋር ደርሶዎታል፤ ስለዚህ ደብዳቤውን መልእክት የሌለው ጉምጉምታ ሆኖ ቢያገኙት አይፈረድብዎትም። ሙሉው የተለጠፈው አዳራሹ ውስጥ ብቻ ነው። መጥተው ካነበቡት ዘንድ ቁጭ ይበሉ፤ በእኔና በቢሆነኝ መካከል አንድ ወንበር ይዘንልዎታል። እዚያ የተቀመጠ ሰው የሚናገረውን ሁለታችንም ስለማንሰማ፣ ምናልባት አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው ያዳምጡ ይሆናል።